በመንገድ ዳር አየር ውስጥ ቤንዝን ስለካ ባዶው ቱቦና ናሙናው እኩል ሆኑብኝ

የአራት ኪሎ ተማሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በአካባቢ ኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ስሆን፣ የመመረቂያ ሥራዬ በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር አየር ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ኦርጋኒክ ውህዶችን መለካት ነው። በመጀመሪያው ዙር የያዝኳቸው ቤንዝን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲልቤንዝንና ዛይሊን ናቸው። ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስ፤ ከማደያ የምንቀዳውን ነዳጅ «ቤንዚን»፣ በነዳጁም በጭሱም ውስጥ ያለውን ካንሰር አምጪ ውህድ ደግሞ «ቤንዝን» እያልኩ እጽፋለሁ። በአማርኛ ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ስለኖሩ፣ ናሙና ስወስድ ያገኘኝ አንድ የትራፊክ ፖሊስ «ቤንዚን ከአየር ትቀጃለሽ እንዴ?» ብሎ ስቆብኛል።

የሠራሁት እንዲህ ነው። በሁለት ክፍል 100 እና 50 ሚሊግራም ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ አክቲቬትድ ካርቦን የያዘ የመስታወት ቱቦ በባትሪ ከሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ጋር አገናኝቼ፣ አየሩን በደቂቃ 0.2 ሊትር ፍጥነት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ስስብ እውል ነበር። ቦታዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ መገናኛ አደባባዩ ጠርዝ ላይ፣ ሌላው ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባድ መኪኖች በሚበዙበት ስፍራ። በአጠቃላይ 12 ናሙና ወስጄአለሁ። ከዚያም ካርቦኑን በ1 ሚሊ ሊትር ካርቦን ዳይሰልፋይድ አጥቤ፣ ፍሌም አዮናይዜሽን ዲቴክተር (ውህዱን በነበልባል አቃጥሎ የሚያውቅ መለኪያ) ባለውና ውህዶችን ነጣጥሎ በሚያወጣው ጋዝ ክሮማቶግራፍ ለካሁ።

ውጤቱ ግራ አጋባኝ። የቶሉዊንና የዛይሊን ፒኮች (ማሽኑ ለየውህዱ የሚስላቸው ጉብታዎች) ለማነጻጸሪያ ከያዝኳቸው፣ አየር ካልተሳበባቸው ባዶ ቱቦዎች ይለያሉ፤ የቤንዝኑ ፒክ ግን በናሙናውም፣ ተከፍቶ ወዲያው በተዘጋው ባዶ ቱቦም፣ ምንም ባልተከፈተው ቱቦም ተመሳሳይ ነው። ባዶውን ከናሙናው ስቀንስ አንዳንዱ ከዜሮ በታች ይሆናል። አማካሪዬ «እንግዲያው አየሩ ከቤንዝን ነፃ ነው ብለሽ ጻፊ» ብለውኛል፤ ነገር ግን ከሲኖትራክ ጭስ ሥር ስምንት ሰዓት ቆሜ ውዬ ይህን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስህተቱ የት እንዳለና ባለኝ አነስተኛ ገንዘብ ምን ማድረግ እንደምችል የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ። ቱቦን በሙቀት አራግፎ ወደ ክሮማቶግራፉ የሚያስገባ መሣሪያ በቤተ ሙከራችን የለም። በሁለተኛው ዙር ደግሞ በቅንጣት ላይ የሚቀመጡትን ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦኖች (ብዙ የካርቦን ቀለበት ያላቸው የጭስ ውህዶች)፣ በተለይም ካንሰር አምጪውን ቤንዞ ኤ ፓይሪንን መለካት አስቤአለሁ።

የድሮ ላቦራቶሪ

ልጄ ብዬ ብጠራሽ አትቀየሚኝ፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ብዙ ዓመት በክሮማቶግራፍ ፊት የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ጥያቄሽን እንዳነበብሁ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥርጣሬ ካርቦን ዳይሰልፋይዱ ላይ ነው። ይህ ሟሟ በአሠራሩ ምክንያት ጥቂት ቤንዝን ይዞ የመምጣት የታወቀ አመል አለው፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ «ዝቅተኛ ቤንዝን» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ካልሆነ በስተቀር ማንኛውም የላቦራቶሪ ጠርሙስ ሊጠረጠር ይገባዋል። 1 ሚሊ ሊትሩ 1.26 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ በውስጡ በሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ ቤንዝን ቢኖር 1.26 ማይክሮግራም አለ ማለት ነው።

አሁን ከአየሩ ምን ያህል ልታገኚ ትችዪ እንደነበር አስቢው። በደቂቃ 0.2 ሊትር ለስምንት ሰዓት ስትስቢ 96 ሊትር ይሆናል። አየሩ የአውሮፓ ኅብረት ለዓመታዊ አማካይ የደነገገውን ያህል፣ ማለትም በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ቤንዝን ቢኖረው፣ ቱቦሽ የያዘው በጠቅላላ 0.48 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ ከሟሟው የመጣው ቤንዝን ከአየሩ ከመጣው ከሁለት እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከሟሟው ቆሻሻ በተጨማሪም ዘዴው ራሱ ለዚህ አልተፈጠረም። የተከተልሽው የሚመስለኝ የአሜሪካው የሥራ ደኅንነት ተቋም ለፋብሪካ ውስጥ አየር ያወጣውን 1501 ቁጥር ዘዴ ነው፤ ያ ዘዴ በናሙና 0.5 ማይክሮግራም ገደማ ሲደርስ ነው ቤንዝንን መለየት የሚጀምረው። የቀለም ፋብሪካ ሠራተኛ የሚተነፍሰውን ለመለካት ይበቃል፤ ለጎዳና አየር ግን ጎተራ እህል በሚመዘንበት ሚዛን ወርቅ እንደ መመዘን ነው። በዚያ ላይ ለቤንዝን የሚመክረው ከፍተኛ መጠን 30 ሊትር ነው፤ አንቺ ከሦስት እጥፍ በላይ ስበሻል። የፊተኛውን ክፍል ብቻ ለክተሽ ከሆነ የኋለኛውን 50 ሚሊግራም ለብቻው ለኪው፤ በኋለኛው ላይ ከፊተኛው አንድ አሥረኛ በላይ ካገኘሽ ናሙናው አልፎ ሄዷል ማለት ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሦስት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ቱቦም ካርቦንም ሳትጨምሪ ካርቦን ዳይሰልፋይዱን ብቻውን ወደ ማሽኑ አስገቢ። ፒኩ እዚያም ከታየ ምክንያቱ ታወቀ። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ሰባት ባዶ ቱቦ ለክተሽ የውጤታቸውን መዛባት (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) አስይ፤ የመዛባቱ ሦስት እጥፍ የመለያ ገደብሽ፣ ማለትም ዘዴሽ ከባዶው ለይቶ ሊያየው የሚችለው ትንሹ መጠን ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ገደብ ላይ ተመሥርተሽ ካልሆነ በቀር «ነፃ ነው» የሚለውን ቃል ለአማካሪሽ ብለሽም አትጻፊ።

የአራት ኪሎ ተማሪ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ሟሟውን ብቻውን አስገባሁት፤ ፒኩ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ ቁመቱም ከናሙናዎቼ ጋር ሊለይ የማይችል ነው። የኋለኛውን ክፍል ደግሞ ለብቻው አልለካሁትም ነበር፤ አሁን ለማየት ስሞክር ከሟሟው የመጣው ቤንዝን ሁሉንም ስለሸፈነው ምንም ማለት አልቻልኩም። ዝቅተኛ ቤንዝን ያለው ሟሟ ለማዘዝ ጠይቄአለሁ። ጥያቄዬ እንግዲህ ወደ ሌላ ተሸጋግሯል፦ ሟሟው ቢጠራም እንኳ መጠኑ ካነሰ ምን ላድርግ? ፓምፑን ብዙ ቀን እንዳላስኬደው ባትሪው ከስምንት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የመንገድ መብራት ምሰሶ ላይ ከሚገኘው ኃይል ለመጠቀም ደግሞ ፈቃዱም፣ የመብራት መጥፋቱም አስቸጋሪ ነው።

ከቨርጂኒያ

በአሜሪካ በአየር ናሙና ሥራ ላይ ያለሁ ኢትዮጵያዊ ነኝ። የጋሼን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በእሱ ላይ የምጨምረው ፓምፑን ጨርሰው መተው እንዳለብዎ ነው። ፓምፕ የማይፈልግ ናሙና መውሰጃ አለ፤ አየሩ በራሱ ስርጭት ወደ ካርቦኑ እየገባ፣ ያለ ባትሪና ያለ ድምፅ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይውላል። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ደንብ የነዳጅ ማጣሪያዎች በግቢያቸው አጥር ዙሪያ ሁሉ እንዲህ ዓይነት ቱቦ እየሰቀሉ በየ14 ቀኑ እንዲለውጡና፣ በአጥሩ ዙሪያ በተገኘው ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን መካከል ያለው ልዩነት የዓመቱ አማካይ በሜትር ኩብ ከ9 ማይክሮግራም ካለፈ ምክንያቱን ፈልገው እንዲያስተካክሉ ያስገድዳል። ስለዚህ ርካሽ ቢሆንም ሕግ የቆመበት ዘዴ ነው።

ነገር ግን እዚህ የምንጠቀምበት ቀጭን ቱቦ ለእርስዎ አይበጅም። በደቂቃ የሚያስገባው ቤንዝን 0.67 ሚሊ ሊትር አየር ውስጥ ያለውን ያህል ብቻ ነው፤ በ14 ቀን 13.5 ሊትር ይሆናል፣ ይህም አየሩ 5 ማይክሮግራም ቢኖረው 68 ናኖግራም ገደማ ይሰጣል። ያንን በሙቀት አራግፎ ሙሉውን ወደ ማሽን የሚያስገባ መሣሪያ ሲኖር በቂ ነው፤ በሟሟ አጥቦ ከሺህ አንዱን ለሚያስገባ ሰው ግን ከንቱ ነው። ለእርስዎ የሚሻለው በዙሪያው ሁሉ አየር የሚያስገባው፣ ሲሊንደር ቅርፅ ያለውና በካርቦን ዳይሰልፋይድ የሚታጠብ ካርቦን የያዘው ዓይነት ነው። ለቤንዝን ፍጥነቱ በደቂቃ 80 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ በሰባት ቀን ውስጥ 806 ሊትር አየር ውስጥ ያለውን ያህል ይሰበስባል። በ5 ማይክሮግራም አየር ይህ 4 ማይክሮግራም ነው፤ በ2 ሚሊ ሊትር ሟሟ ቢታጠብ እንኳ በእጅዎ ባለው ዲቴክተር በምቾት ይታያል። ካርትሪጁ (ካርቦኑን የያዘው የውስጥ ክፍል) አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቢሆንም፣ ውጫዊ አካሉ ታጥቦ እንደገና ይሠራል።

አሁን ሰው ብዙ ጊዜ ወደማያነሳው አንድ ነገር ልግባ፤ እሱም ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ግን 101.3 ነው። ይህ ልዩነት በወሰዱት የፓምፕ ናሙና ላይ በሁለት መንገድ ይገባል። የመጀመሪያው የፓምፑ ፍሰት መለኪያ ነው። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ኳሷ ከፍ ዝቅ የምትልበት መለኪያ ከሆነ፣ የተመረመረው በባሕር ወለል አየር ስለሆነ በአዲስ አበባ ስስ አየር ውስጥ 0.2 ሲያሳይ በእርግጥ ያለፈው 15 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በሳሙና አረፋ መለኪያ እዚያው በሥራው ቦታ ካላስተካከሉት በስተቀር ቁጥሩ ስህተት ነው። ሁለተኛው መጠኑን የምንገልጽበት መንገድ ነው። የአውሮፓው 5 ማይክሮግራም በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ101.3 ኪሎ ፓስካል ተሰልቶ የሚጻፍ ነው። እርስዎ በመንገድ ዳር የሳቡት 96 ሊትር ወደዚያ ሲለወጥ 73 ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ሳይለውጡ ቢያነጻጽሩ የመዲናዋን አየር ከእውነቱ ሩብ በሚያህል አሳንሰው ያቀርባሉ። ወደ «በቢሊዮን ስንት እጅ» መለወጥ ሲፈልጉም እንዲሁ ነው፤ በባሕር ወለል በ20 ዲግሪ በቢሊዮን አንድ እጅ ቤንዝን በሜትር ኩብ 3.25 ማይክሮግራም ሲሆን በአዲስ አበባ ግፊት 2.47 ነው። ከመጽሐፍ ላይ የተቀዳው 3.25 በምን ያህል የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሳይመረመር እንደሚገኝ ሳስብ ይገርመኛል።

የሚያስደስተው ነገር ደግሞ ያለ ፓምፕ የሚሠራው መውሰጃ ይህን ችግር በራሱ የሚፈታው መሆኑ ነው። የጋዝ ስርጭት ፍጥነት ግፊት ሲቀንስ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ በሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የቤንዝን ክብደት ደግሞ ግፊት ሲቀንስ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲባዙ ይጠፋፋሉ። ስለዚህ አምራቹ በባሕር ወለል ግፊት የሰጠውን ፍጥነት ሳይነኩ ቢጠቀሙ፣ የሚያገኙት ውጤት በቀጥታ በመደበኛው 101.3 ኪሎ ፓስካል የተገለጸ ይሆናል። ለግፊት «ላስተካክል» ብለው አንድ ጊዜ እንኳ ቢያባዙት ግን ያጣምሙታል። የሙቀት ማስተካከያ ይቀራል፤ እሱ በሳምንቱ አማካይ ሙቀት ይሠራል፣ ውጤቱም ጥቂት በመቶ ነው።

አስፋልት ዳር

ስለ ኬሚስትሪው የተባለው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ቦታው ብቻ እጽፋለሁ። የመገናኛ አደባባይ ጠርዝ ለናሙና የተመረጠው ጭስ ስለሚበዛበት እንደሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን እዚያ የሚገኘው ቁጥር የየትኛውንም መንገድ አየር አይወክልም። የአውሮፓው መመሪያ የመንገድ ዳር መለኪያ ከትልልቅ የመንገድ መጋጠሚያዎች ጠርዝ ቢያንስ 25 ሜትር እንዲርቅ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ደግሞ ከ10 ሜትር እንዳይርቅ፣ የመሳቢያው አፍ ከመሬት 1.5 እስከ 4 ሜትር ከፍ እንዲል ይመክራል። ከመገናኛ ወደ ቦሌ ወይም ወደ ሃያ ሁለት አቅጣጫ ወጣ ያለ ቀጥ ያለ ክፍል ይሻልዎታል። ከማደያ ይራቁ፤ ነዳጅ ሲጠፋ መኪኖች ተሰልፈው የሚያድሩበትን ጎዳና ሳይቀር ይሽሹ፤ ምክንያቱም ከታንከር የሚተነው ቤንዚን ከጭስ ጋር ተደባልቆ የትራፊኩን ድርሻ ያጠፋዋል። የቀለም መርጫ ጋራዥም ቶሉዊኑን ከልክ በላይ ያበዛዋል። እንዲያውም የቶሉዊኑን መጠን ለቤንዝኑ ሲያካፍሉ ሁለት አካባቢ ከመጣ የመኪና ጭስ ነው ብሎ መገመት ይቻላል፤ ብዙ ከበለጠ የቀለምና የሟሟ ምንጭ በአቅራቢያ አለ፤ ከአንድ በታች ከወረደ ደግሞ የእንጨት ጭስ ይጠረጠራል። ወይም ጭሱ ሩቅ ቦታ ተለቆ ያረጀ ነው፤ ቶሉዊን በፀሐይ ከቤንዝን ይልቅ ቶሎ ስለሚጠፋ።

በከተማው የኮሪደር ልማት ምክንያት መንገዶች እየተቆፈሩ አስፋልት ሲነጠፍ ደግሞ ከትኩሱ አስፋልት የሚነሳው ተን ራሱ ኦርጋኒክ ውህድ የተሞላ ነው። ሥራ በሚካሄድበት ክፍል የሰቀሉት መውሰጃ የሚነግርዎ ስለ መንገድ ሥራው ይሆናል። በየሳምንቱ ሲለውጡ ዙሪያውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ከስድስት ወር በኋላ ያልተለመደ ቁጥር ሲያጋጥምዎ ከማስታወሻ ደብተር ይልቅ ፎቶው ይመሰክራል።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር። በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ሆኖ ጭሱን እስከ ረፋድ ድረስ ይከድነዋል። በክረምት ዝናቡና ደመናው ሁኔታውን ይለውጠዋል። ስለዚህ የአንድ ወር ናሙና ወስደው «ዓመታዊ አማካይ» ቢሉ አይገባም። ገንዘብዎ ስለሚያንስ የአውሮፓው መመሪያ ለጠቋሚ ልኬት የሚፈቅደውን ይከተሉ፤ ዓመቱን በእኩል ርቀት ከፋፍለው ስምንት ሳምንት ብቻ ቢለኩ ከዓመቱ 14 በመቶ የሚጠየቀውን ሽፋን ያሟላሉ። ለሁለት ቦታና ለአንድ ከመንገድ የራቀ ማነጻጸሪያ ቦታ 24 ካርትሪጅ ይበቃዎታል ማለት ነው፤ ባዶዎቹንና በእጥፍ የሚሰቀሉትን ሳንቆጥር።

ከቨርጂኒያ

በስምንቱ ሳምንት ሐሳብ እስማማለሁ። በአንድ ነገር ብቻ ትንሽ እለያለሁ፤ የቶሉዊንና የቤንዝን ንጽጽር ጥሩ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የነዳጁ ቅንብር በየአገሩ ስለሚለያይ «ሁለት» የሚለው ቁጥር ከአውሮፓ ቤንዚን ጋር የተወለደ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በቤንዚን ውስጥ የሚፈቀደውን ቤንዝን ወደ 1 በመቶ ሲያወርድ ንጽጽሩ ራሱ ተቀይሯል። ከአንድ ማደያ የተቀዳ ጥቂት ቤንዚንና የአንድ ሚኒባስ ጭስ ናሙና በራስዎ ማሽን ቢለኩ የራስዎን የአዲስ አበባ ንጽጽር ያገኛሉ፤ ያ ከማንኛውም የውጭ ቁጥር ይበልጣል።

ጭስና ጥላሸት

ሁለተኛውን ዙር በተመለከተ እኔ የሠራሁት በዚያ ላይ ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍ። ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት ውህዶች እንደ ቤንዝን አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ሁለትና ሦስት ቀለበት ያላቸው እንደ ናፍታሊንና ፊናንትሪን ያሉት በአብዛኛው ጋዝ ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ አምስትና ስድስት ቀለበት ያላቸው፣ ቤንዞ ኤ ፓይሪንን ጨምሮ፣ በጥላሸት ቅንጣት ላይ ተለጥፈው ይገኛሉ። ስለዚህ ማጣሪያ ወረቀት ብቻ ይዞ «ጠቅላላ መጠን ለካሁ» የሚል ሰው ግማሹን በወንፊት አፍስሶታል። አሜሪካኖች ቲኦ 13ኤ የሚሉት ዘዴ ከኳርትዝ ማጣሪያው ጀርባ ፎምና ሬዚን አስቀምጦ ጋዙንም የሚይዘው ለዚህ ነው። በደቂቃ 225 ሊትር ገደማ ለ24 ሰዓት ሲስብ ከ300 ሜትር ኩብ በላይ ያልፋል።

ለእርስዎ ግን ያን ትልቅ ማሽን አልመክርም። ሃያ አራት ሰዓት የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ እርስዎ ግን ስንት ሰዓት እንደቆመ ካልመዘገቡ መጠኑን ያጣሉ። ዓላማዎን አጥብበው ቤንዞ ኤ ፓይሪንንና በቅንጣት ላይ የሚኖሩትን ከባዶቹን ብቻ እለካለሁ ብለው በግልጽ ይጻፉ። ያን ጊዜ በደቂቃ 16.7 ሊትር የሚስብ ትንሽ መሣሪያና የኳርትዝ ማጣሪያ ይበቃል። በቀን 24 ሜትር ኩብ ነው። የአውሮፓው ገደብ በሜትር ኩብ 1 ናኖግራም ስለሆነ፣ በገደቡ ላይ ያለ አየር በማጣሪያው ላይ 24 ናኖግራም ይተዋል፤ ይህን ማስ ስፔክትሮሜትር የተመረጡ አዮኖችን ብቻ እንዲከታተል ተደርጎ ያየዋል። የፍሌም ዲቴክተሩ አያየውም፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ያለው ቤተ ሙከራ መለመን ግድ ነው። የሳምንቱን ማጣሪያዎች በአንድ ላይ አጥበው ቢለኩ ወጪውም ይቀንሳል፣ ፒኩም ይጎላል።

በእኔ ሥራ ላይ የደረሰውን ላካፍልዎ። የመጀመሪያዎቹን ማጣሪያዎች ከመጠቀሜ በፊት በምድጃ አልጋገርኋቸውም ነበር፤ ባዶዎቹ ቆሽሸው ተገኙ። ኳርትዝ ማጣሪያ በ400 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ለበርካታ ሰዓት ተጋግሮ በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል አለበት። ናሙና ከተወሰደ በኋላም ከብርሃን መጠበቅ ያስፈልገዋል፤ ቤንዞ ኤ ፓይሪን በፀሐይና በኦዞን ይፈርሳል፣ እንዲያውም በማጣሪያው ላይ ተቀምጦ አየር ሲያልፍበት ራሱ ኦዞኑ ይበላዋል። ከጥቁር ፕላስቲክ በፊት በፎይል ይጠቅልሉት፣ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ያስቀምጡት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ይጠቡት። ከመታጠቡ በፊት ዲዩቴሪየም (ከባድ ሃይድሮጅን) ያለባቸው ፓይሪኖች በማጣሪያው ላይ ጠብ ማድረግ አለብዎ፤ ከእነርሱ ስንት እንደተመለሰ ካላዩ ከናሙናው ስንት እንደጠፋ አያውቁም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የምንጩ ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ያለ ቤንዞ ኤ ፓይሪን ሁሉ የመኪና አይደለም። ናሙና መውሰጃው ሥር ከሰል አቀጣጥላ በቆሎ እሸት የምትጠብስ እናት፣ ከጀርባው ባህር ዛፍ የሚያነድ እንጀራ ጋጋሪ ቤት፣ ቡና የሚቆላበት ጀበና ቤት፣ ሁሉም ያመርቱታል። መስከረም 16 ቀን ማጣሪያ የሚሰቅል ሰው የሚለካው ደመራውን ነው። የባህር ዛፍ ጭስን ለመለየት የሚረዳው ሌቮግሉኮሳን የሚባለው ውህድ ነው፤ የሚፈጠረው እንደ እንጨት ያለ የዕፅዋት ሴሉሎስ ሲቃጠል ስለሆነ በናፍጣ ጭስ ውስጥ የለም። ከማጣሪያው ላይ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠው ለብቻው ቢለኩት፣ ከዓመታት ክርክር ያድንዎታል። በናፍጣው በኩል ደግሞ 1-ናይትሮፓይሪን ጥሩ ምስክር ነው፤ መጠኑ በጣም አነስተኛ ስለሆነ ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ሥራ አያዋጣም። ፍሉራንቲንን ለፍሉራንቲንና ለፓይሪን ድምር በማካፈል ምንጭ የሚለዩ ጽሑፎች ሞልተዋል፤ ከ0.5 በላይ እንጨት፣ ከ0.4 እስከ 0.5 የፈሳሽ ነዳጅ ቃጠሎ ይላሉ። ሁለቱም በመንገድ ላይ ስለሚፈርሱና ምንጮቹ በከተማችን ስለሚደባለቁ፣ ብቻውን ቢያቀርቡት ፈታኝዎ በቀላሉ ይጥለዋል።

የአራት ኪሎ ተማሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግረን የፓምፑን ሥራ ትተን ወደ ሲሊንደሩ መውሰጃ ለመሄድ ተስማምተናል፤ ከመገናኛ 60 ሜትር ገደማ ወጣ ያለ ምሰሶ አግኝቻለሁ፣ መውሰጃው እንዳይነሳም እዚያ የሚጠብቀውን የባንክ ጥበቃ ሠራተኛ አደራ ብየዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጀመሪያዎቹን 12 ናሙናዎች ከጽሑፉ ላውጣቸው ወይስ ላቅርባቸው? እንዲሁም የማገኘውን ቁጥር ከምን ጋር ላነጻጽር፤ ከአውሮፓው 5 ጋር ወይስ ከሌላ?

የድሮ ላቦራቶሪ

አታውጪያቸው፤ ልጄ፣ ለፍተሽባቸዋል። ነገር ግን «ዜሮ» ወይም «የለም» ብለሽ አትጻፊ፤ «ከመለያ ገደብ በታች» ብለሽ ገደቡን በቁጥር አስቀምጪ። ከባዶዎቹ ያሰላሽው ገደብ ለምሳሌ በሜትር ኩብ 8 ማይክሮግራም ቢወጣ፣ አንባቢው እነዚህ ናሙናዎች አየሩ ከአውሮፓው ገደብ በላይም ይሁን በታች እንደማይለዩ ወዲያውኑ ይረዳል። ሟሟው የመጣበትን የጥራት ደረጃ በዘዴው ክፍል ጻፊ፤ ከአንቺ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንን ጠርሙስ አይነካም። ቶሉዊኑና ዛይሊኑ ከባዶው ስለሚለዩ፣ ፍሰቱን በአረፋ መለኪያ ካስተካከልሽና ወደ መደበኛ ግፊት ከለወጥሽ በኋላ እነርሱን አቅርቢ።

ከቨርጂኒያ

ስለ ማነጻጸሪያው፦ 5 ማይክሮግራም የአስተዳደር ገደብ እንጂ ደኅንነት የሚጀምርበት መስመር አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት ራሱ በአዲሱ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2030 ወደ 3.4 እያወረደው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤንዝን ደኅንነቱ የተጠበቀ መጠን የለም ብሎ፣ ዕድሜ ልክ በሜትር ኩብ 1.7 ማይክሮግራም የሚተነፍስ ሰው ከ100,000 አንድ ተጨማሪ የደም ካንሰር አደጋ እንዳለበት ይገምታል። ሁለቱንም በሠንጠረዡ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው፤ የስምንት ሳምንቱን አማካይ ከማነጻጸሪያው ቦታ አማካይ ጋርም አብረው ያሳዩ፣ ምክንያቱም ከሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው መንገዱ የጨመረውን የሚናገረው። የመጀመሪያውን ካርትሪጅ ሲሰቅሉ ደግሞ አንዱን በእጥፍ ይስቀሉ፤ ሁለቱ ከ10 ወይም ከ15 በመቶ በላይ ከተለያዩ ቀሪዎቹን 23 ከማባከንዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።